«ዶክተሯ ከልጄ ጋር ጌም ትጫወታለች»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። እናትየዋንም ልጁንም የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ፤ የቀረው የራሷ ቃል ነው።

«ሰላም እህቴ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው ያደገው። እሷን እማዬ፣ እኔን ማሚ ነው የሚለን። እዚህ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ደህና ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ግን ዝም አለ። አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። ክፍል ውስጥም አንድ ልጅ መታ። ከትምህርት ቤት ወደ ቴራፒስት ላኩን፣ ስድስት ጊዜ ሄደ። ባለፈው ሐሙስ ቀደም ብዬ ልወስደው ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማይንክራፍት የሚባለውን የግንባታ ጌም ይጫወታሉ! በየጊዜው 30 ዶላር ኮፔይ (ከኢንሹራንሱ የሚቀረውን የራሴን ድርሻ) እከፍላለሁ። የማታ ሥራ አድሬ፣ ሳልተኛ ነው የምወስደው። ለባለቤቴ ብነግረው ‹ጌም ለመጫወትማ ቤታችን ምን አለው› አለኝ። ልጁ ደግሞ ታብሌቱን ስቀማው ‹ዶክተሯ ፈቅዳልኛለች› ማለት ጀምሯል። ሴትየዋን ስጠይቃት ፕሌይ ቴራፒ ነው አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ብዙም ስላልሆነ የሚያስተረጉምልኝ ራሱ ልጁ ነው። ጌሙ ውስጥ የሠራውን ቤትም አሳየችኝ። ከመሬት በታች ነው፣ በር የለውም፣ ውስጡ አንድ ቀይ አልጋ ብቻ ነው ያለው። መቃብር መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ላስወጣው ወይስ ልተወው? እናቴ ነሐሴ ላይ አርፋለች፤ ለእሱ ግን ልጅ ነው ብለን አልነገርነውም፣ ታማለች ነው ያልነው።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አታስወጪው። ቢያንስ አሁን፣ እንዲህ እንደተናደድሽ አታስወጪው። ረጅሙ መልስ ትንሽ ዞር ዞር ይላል፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ እኔን ያስደነገጠኝ ጌሙ ሳይሆን የመጨረሻው መስመር ነው። እሱ ላይ እንመለሳለን።

ንዴትሽ ግን ይገባኛል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ አድረሽ፣ ዓይንሽ እየተከደነ መኪና ነድተሽ፣ ገንዘብሽን ከፍለሽ፣ በሩ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ከልጅሽ ጋር ጌም ላይ አፍጥጣ ስታያት ምን ልትይ ነበር? እኔም ብሆን እጮሃለሁ። ደግሞ እኛ ያደግነው «ጨዋታህን ትተህ አጥና» እየተባልን ነው። ጨዋታ ለኛ ከቁም ነገር የተረፈ ሰዓት ነው።

ግን እስቲ ቃሉን ራሱን እዪው። እንግዳ ቤትሽ መጥቶ ቡናው እስኪደርስ ዝም ዝም ሲሆን ምን ትያለሽ? «ኧረ ተጫወቱ!» ትያለሽ። ማንም ተነስቶ ገመድ አይዘልም። አውሩ ማለትሽ ነው። አንድ ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው ከተባለ ወሬው ይጥማል ማለት ነው። በአማርኛ ማውራትና መጫወት አንድ ቃል ናቸው፤ ትልቅ ሰው ሲከፋው ቁጭ ብሎ ይጫወታል፣ ማለትም ያወራል፣ ልጅ ደግሞ ሲከፋው ቁጭ ብሎ ይጫወታል፣ ማለትም ይጫወታል። ፕሌይ ቴራፒ ማለት በቃ ይኸው ነው። የ9 ዓመት ልጅ «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል «ምንም» ነው የሚለው፤ ሊደብቅሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ ያለበትን ነገር የሚይዝ ቃል የለውም።

እቃቃ ስትጫወቺ አስታውሺ። በቆርኪው ወጥ ይሠራል፣ በቅጠሉ እንጀራ ይጋገራል፣ አንዷ እናት ትሆናለች። ከዚያ የጎረቤት ልጅ አባት ሆኖ ይመጣና በሩን በእግሩ መትቶ «ራቴ የታለ!» ብሎ ያፈጣል። በቃ፣ ያ ልጅ ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሰማ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ማንም አልጠየቀውም። ቢጠየቅም አይናገርም ነበር።

ይህን ነገር ወደ ሐኪም ቤት ያስገቡት ሰዎች ዛሬ የተነሱ አይደሉም (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ማርጋሬት ሎወንፌልድ የምትባል እንግሊዛዊት የሕፃናት ሐኪም በ1920ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ለልጆች ክሊኒክ ከፈተች። አሸዋ የሞላ ትሪ አለ፣ አጠገቡ ትናንሽ ቤቶች፣ ሰዎች፣ እንስሳት፣ አጥሮች፣ ዛፎች የተደረደሩበት መሳቢያ አለ። ልጁ የፈለገውን አንስቶ አሸዋው ላይ ይሠራል፣ እሷ ታያለች። ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ «ዓለም» አሉት። በ1940ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን፣ ልጁ ይምራ ትልቁ ሰው ይከተል የሚለውን አሠራር አስፋፋች፤ ብዙ የጨዋታ ቴራፒስቶች እስከ ዛሬ ከዚያ ነው የሚጀምሩት። አሁን የልጅሽን ማይንክራፍት ክፈቺና አዲስ ጀምሪ። ጌሙ የሚያዝሽ የመጀመሪያ ነገር ምንድን ነው? አዲስ ዓለም ፍጠር። ለዚህ ነው ቴራፒስቶች የወደዱት። አሸዋውና መሳቢያው ስክሪን ውስጥ ገባ፣ ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም።

እኔ ራሴ ጌም ጠላት ነበርኩ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሥራዬ ከልጆች ጋር ነው፣ አሻንጉሊት፣ ሸክላ፣ ቀለም፣ ካርታ፣ እነዚህ ይበቁኛል ብዬ ነበር። ከዚያ 2020 መጣ። ሁላችንም ቤት ተዘጋብን፣ ልጆቹን በቪዲዮ ነበር የማገኛቸው፣ አሻንጉሊቶቼ እኔ ጋ፣ ልጁ እዚያ። አንዱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣራ ጣራ ሲያይ ሰነበተና «ዓለሜን ላሳይሽ?» አለኝ። ገባሁ። በገባሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ (ላቫ) ውስጥ ወድቄ ሞትኩ። ልጁ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ እንደ አስተማሪ ሆኖ፣ እንዴት እንደምራመድ አሳየኝ። ለዚያ ልጅ የሆነ ነገር ከትልቅ ሰው የበለጠ የሚያውቅበት ቀን እንደነበረ አላስታውስም። ያን ቀን ስለ አባቱ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ ጌሙ ውስጥ ዶሮ እያሳደደ።

ዶሮ እያሳደደ የምትለዋን ያዢልኝ። አንቺና እህትሽ፣ አንቺና ጓደኛሽ ከባዱን ወሬ የምታወሩት መቼ ነው? ፊት ለፊት ተፋጥጣችሁ? ምስር እየለቀማችሁ፣ ቡና እየቆላችሁ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ነው። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ዓይን ሌላ ቦታ ሲያርፍ፣ አፍ ይፈታል። ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያናደደሽን ያህል፣ ያ አቀማመጥ ራሱ የሥራው ግማሽ ነው።

የቀረው ግማሽ ሴትየዋ የምታየው ነገር ነው። ማይንክራፍት ውስጥ አንዱ ቀን ከነሌሊቱ 20 ደቂቃ ነው። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጨለማ ሲሆን አውሬዎች ይወጣሉ። አንዳንዱ ልጅ አውሬ የሌለበትን ሰላማዊ ዓይነት ይመርጣል፣ አንዳንዱ ሰይፍ ይዞ ይወጣል፣ አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ እስኪነጋ ይጠብቃል። (አኩኩሉ! አልነጋም! ትዝ አለሽ? እኛም እኮ በዚሁ ነው ያደግነው።) በአንድ ዓለም ውስጥ ሁለት ሰዎች ካሉ ደግሞ፣ ሌሊቱ ቶሎ እንዲያልፍ በተለምዶ ሁለቱም አልጋቸው ላይ መተኛት አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢተኛ አይነጋም። ማታ ማታ የሚፈራ ልጅ ትልቁን ሰው «አንቺም ተኚ» ብሎ ሲለምን ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ከሞተ ደግሞ የያዘው ዕቃ ሁሉ ይበተናል፣ እሱ ግን አልጋው ጋ እንደገና ይነሳል። ያኔ ያለቅሳል? ታብሌቱን ይወረውራል? «እርጂኝ» ይላል? አስተዋይ ቴራፒስት ይህን ሁሉ እያየች ነው፣ «ዕቃህ ሁሉ ጠፋብህ፣ በጣም አናደደህ» እያለች ስሜቱን ስም ታወጣለታለች። ሰሌዳ ላይ ጽፋ ብታስተምረው አይሰማትም። ዕቃው በጠፋበት ቅጽበት ግን ይሰማታል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ኢንተርኔት ላይ «ጌም በሽታ ይፈውሳል» የሚል ብዙ ትሰሚያለሽ። ለሕክምና ተብለው የተሠሩ ጌሞች አሉ፣ እውነት ነው። የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስፓርክስ የሚባል ጌም ለድብርት ሠርተው ከ12 እስከ 19 ዓመት ባሉ 187 ወጣቶች ላይ ሞከሩት፤ 2012 ላይ በወጣው ውጤት ጌሙን የተጫወቱት የተለመደውን እርዳታ ካገኙት አላነሱም። አሜሪካ ውስጥም 2020 ላይ ኤንዴቨር የሚባለውን ጌም፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉና ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ላለባቸው ልጆች፣ በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ መንግሥት ፈቀደ። ማይንክራፍት ግን ከእነዚህ አይመደብም። ስዊድኖች ለመዝናኛ የሠሩት፣ 2014 ላይ ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ተራ ጌም ነው። በራሱ ማንንም አያድንም። አሸዋም በራሱ አያድንም። አጠገቡ ማን እንደተቀመጠና ምን እንደሚያደርግ ነው ጉዳዩ።

ስለዚህ ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ አጠያየቁን ብቻ እናስተካክለው። «ለምን ጌም?» ሳይሆን «በጌሙ ምን እየሠራሽ ነው?» በያት። ከልጄ ጋር ግባችሁ ምንድን ነው፣ ከስድስት ጊዜ በኋላ ምን አየሽ፣ መቼ ቁጭ ብለን እንገመግማለን፣ ቤት ውስጥ እኔ ምን ላድርግ። ዓለሙ የእናንተ ብቻ ነው ወይስ ሌላ የማናውቀው ሰው ሊገባበት ይችላል ብለሽም ጠይቂ፤ ቻቱ ዝግ መሆን አለበት፣ በዚህ ድርድር የለም። ልጁ የነገራትን ሁሉ አትነግርሽም፣ አትጠብቂም፤ ልጁ የራሱ ምስጢር ቢኖረው ጥሩ ነው። ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳበት ነገር ካለ ግን መንገር ግዴታዋ ነው። ከእነዚህ አንዱንም በቅጡ መመለስ ካልቻለች፣ ልጁ ሲጫወት እሷ ስልኳን የምትነካካ ከሆነ፣ ጌሙን «ጎበዝ ከሆንክ ትጫወታለህ» እያለች እንደ ከረሜላ የምትሰጠው ከሆነ፣ ወይም ከወላጅ ጋር ለመገናኘት የማትፈልግ ከሆነ፣ ያኔ ባለቤትሽ ትክክል ነው፣ ሌላ ፈልጉ። የሥራ ፈቃዷን የሜሪላንድ የሙያ ፈቃድ ቦርዶች ድረ ገጽ ላይ ስሟን ጽፈሽ በነፃ ማየት ትችያለሽ። ለዚህ ማፈር የለም፣ መካኒክ እንኳን እንጠያይቃለን።

አሁን በጣም የምቆጣሽ ነገር ላይ ደርሻለሁ። ልጁን አታስተርጉሚው። እህቴ፣ በእግዚአብሔር። ስለ ራሱ ሽንት፣ ስለ ራሱ ዝምታ፣ «እናትህ ተጨንቃለች» የሚለውን ራሱ ለራሱ እንዲተረጉም ማድረግ ለ9 ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። ደግሞ ምን እንደሚተረጉምልሽ በምን ታውቂያለሽ? እኔ «ዶክተሯ ፈቅዳልኛለች» የምትለዋ ከዚያ የወጣች ይመስለኛል (ቆቅ ነው ልጅሽ፣ ይህ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው)። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ፣ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበለውም ጭምር፣ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። አማርኛ በስልክ በደቂቃ ውስጥ ይገኛል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድም። ስትደውዪ መጀመሪያ የምትይው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» ነው፣ ሌላ ቃል ባታውቂም ይበቃል።

ሌላ ሐኪም ቤትም ይጠብቅሻል። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የኖረ የ9 ዓመት ልጅ ድንገት እንደገና ሲጀምር፣ ሐዘንም ቢሆን ጭንቀትም ቢሆን፣ አስቀድሞ የሕፃናት ሐኪሙ ይየው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ስኳርም ሊሆን ይችላል። የሽንት ምርመራ ቀላል ነው። እስከዚያው አትቆጪው፣ አንሶላውን ታናሽ እህት ወንድም ፊት አታውጪው፣ በቃ።

የቤቱ ታብሌት። «ዶክተሯ ፈቅዳልኛለች» ሲልሽ፣ ሐኪም መርፌ ስለወጋህ ቤት ውስጥ መርፌ አንወጋህም በይው። እሷ ጋ ያለው ጨዋታ የእሷ ነው፣ የቤቱ ሕግ የቤቱ ነው። ሰዓቱን አንቺና አባቱ አንድ ላይ ወስኑ፤ አንዳችሁ ፈቅዳችሁ አንዳችሁ ከከለከላችሁ ልጁ በመሐል ጠበቃ ይሆናል። ሳይጨርስ ከእጁ አትንጠቂው፣ «ሌሊቱ ሲነጋ ትዘጋለህ» በይው፣ ጌሙ ራሱ ሰዓት አለው አይደል። መኝታ ቤት ታብሌት አይገባም። ሮብሎክስና መሰሎቹ ጌሞች ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበት ነገር ስላላቸው ሴቲንጉን የሚያውቅ ሰው ጠርተሽ አዘጊ። ባለቤትሽ «ሱሰኛ ይሆናል» ካለ፣ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ የጌም ሱስን አስገብቶታል። ግን እዚያ የተጻፈው፣ ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከምግቡ ከትምህርቱ ከጓደኞቹ ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድም፣ እየጎዳውም ሳይተወው ሲቀር፣ ያም በአብዛኛው ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከቴራፒስት ጋር መጫወት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

አንድ ሥራ ደግሞ ላንቺ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ አንድ የጌም ቀን ማለት ነው፣ አጠገቡ ተቀመጪና «አሳየኝ» በይው። አትጠይቂ፣ አትምከሪ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ለምን እንዲህ አደረግክ፣ የቤት ሥራህንስ ሠራህ» የለም። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፦ «ድልድይ እየሠራህ ነው»፣ «ይቺን በግ አስገባሃት»። እሱ ይምራሽ። ትሞቺያለሽ፣ ይስቅብሻል፣ ተይው ይሳቅ። ደክሞሽ ከሆነም እዚያው አጠገቡ ብታንቀላፊ ለእሱ ካለመኖርሽ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀዩ አልጋ እንሂድ።

መጀመሪያ ላረጋጋሽ። ማይንክራፍት የጀመረ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያ ሌሊቱን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ላዩን ደፍኖ ነው የሚያድረው። በር ያላደረገለት አውሬ መግቢያ እንዳያገኝ ብሎ ነው። ቀይ አልጋም የጌሙ የተለመደ አልጋ ነው፣ እስከ 2017 ድረስ ሌላ ቀለምም አልነበረውም። ስለዚህ መቃብር ነው ብለሽ አትፍቺው። ሕልም ፈቺ አትሁኚ። እኔም አልሆንም፣ ቴራፒስቷም ጎበዝ ከሆነች አትሆንም፤ ልጁ እስኪናገር ትጠብቃለች። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፣ የትኛው ብስል እንደሆነ ከውጭ ሆነን መገመት አደጋ አለው።

ግን አንቺ መቃብር የመሰለሽ ለምንድን ነው? መቃብር እያሰብሽ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው፣ እህቴ። እናትሽ ነሐሴ ላይ አረፈች። ትምህርት የሚከፈተው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ልጁ ዝም ያለው «ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ» ነው አልሽኝ። ሁለቱን መስመር አንድ ደብዳቤ ላይ ጻፍሻቸው፣ መሐላቸው ግን አንድ ገጽ ተኩል አለ።

በቀጥታ ልንገርሽ፤ ልጅሽ የሚያውቅ ይመስለኛል። ወይም ግማሹን ያውቃል፣ ያ ደግሞ ከሙሉው የባሰ ነው። ለቅሶ የተቀመጥሽበት ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሰው ጥቁር ለብሶ ሲገባ አይቷል፣ እሱ ሲገባ ወሬ ሲቋረጥ ሰምቷል፣ እሁድ እሁድ ትደውል የነበረችው እማዬ መደወል አቁማለች። «ታማለች» ስለተባለ ለስንት ወር እየጠበቀ ነው። ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለእሱ የሞተችው አያቱ ብቻ አይደለችም፣ ሰባት ዓመት እናት የነበረችው ናት። ማንን ይጠይቅ? ከጠየቀ አንቺ እንደምታለቅሺ ያውቃል።

ክፋት አስበሽ እንዳልደበቅሽው አውቃለሁ። እኛ ለትልቅ ሰው እንኳን መርዶ በድንገት አንነግርም፣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ሌሊት ሄደን፣ ዘመድ አዝማድ ከጎኑ አድርገን ነው። ለልጅማ «ይደነግጣል» ብለን ዝም ነው። እኔም አያቴ የሞተች ጊዜ «ገጠር ሄዳለች» ተብዬ ስንት ዓመት አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር እፈልጋት ነበር። መርዶ የራሱ ጥበብ አለው፤ ያንኑ ጥበብ ለልጅሽም አውጪለት፣ ማለትም ብቻውን አይሁን፣ የሚወደው ሰው ይያዘው፣ ጊዜው ይመረጥ። ሌላ ሰው አይንገረው፣ አንቺ ንገሪው፣ በአማርኛ። «እማዬ ሞተች» በይው። ቃሉ ይከብዳል፣ ግን «ተኛች» ካልሽው እንቅልፍ ይፈራል፣ «ሄደች» ካልሽው መምጫዋን ይጠብቃል። ሲጠይቅ መልሺለት፤ አሟት ነበር፣ ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልተቻለም፣ አንተ ምንም አላጠፋህም፣ አንተ ወደዚህ ስለመጣህ አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሳይጠይቅሽም ንገሪው። አልነገርንህም፣ ፈርተን ነው፣ ተሳስተናል በይው፣ እናት ይቅርታ ስትጠይቅ ምንም አይጎድልባትም። ላያለቅስ ይችላል። ተነስቶ «ታብሌቴን ስጪኝ» ሊል ይችላል። ስጪው። ያን ጊዜ የሚጫወተው ምን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል።

ሙት ዓመቷ ደግሞ እየመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አብሮ ይሂድ፣ ጧፉን እሱ ይያዝ፣ ፎቶዋን እሱ ይምረጥ።

ይህን ሁሉ ግን ነገ ጠዋት አታድርጊው። አስቀድመሽ ቴራፒስቷ ማወቅ አለባት። ስድስት ጊዜ አብራው የተጫወተችው ሴት ልጁ ያሳደገችውን ሰው እንዳጣ አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም፣ አስተርጓሚው እሱ ነበራ! እንዴት ይንገራት? ሐሙስ ቀጠሮ ስላለው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ደውዪ፣ ልጁ ትምህርት ቤት እያለ፣ በስልክ አስተርጓሚ። ሞቷን ንገሪያት፣ እንደደበቃችሁትም ንገሪያት፣ መቼና እንዴት እንደምትነግሩት አንድ ላይ ወስኑ፣ የነገራችሁት ሰሞንም ቀጠሮው ቀረብ ቀረብ እንዲል ጠይቂ። ባለቤትሽንም ስልኩ ላይ አስቀምጪው፣ ያንን ጥያቄውን ራሱ ይጠይቃት፣ መልሱን ከአንቺ አፍ ከሚሰማ ይሻላል።

የሐሙሱ ቀጠሮ ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ልጁን እሱ ይውሰደው፣ አንቺ ትንሽ ተኚ።